የዘጠነኛዋ ማሽን አመል

የልጅ ልጄ ተቀምጣ ስትሠራ ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ፣ እኔ አላየሁም። ኮምፒውተሯን የመስኮቱ ደፍ ላይ ታስቀምጥና ቆማ ሁለት መስመር ትነካካለች፣ ከዛ ከመስኮት እስከ በር፣ ከበር እስከ መስኮት። ምንጣፉ እሷ በምትመላለስበት በኩል ሳስቶ ወለሉ ሊታይ ነው። ጉንዳን ነው የምላት። እናቷ ሌላ ከተማ ስለምትሠራ ከኔ ጋር ነው የምትኖረው፤ ያለን ሁለት ክፍል ነው፤ እሷ ስትንጎራደድ እኔም አብሬ ዕረፍት የለኝም። ሠላሳ ዓመቷ ነው። በስድስት ዓመት ውስጥ ይሄኛው አምስተኛ መሥሪያ ቤቷ ነው። አንዱን የለቀቀችው ወንበሩ አልተመቸኝም ብላ ነው። መቼ ተቀምጣበት እንደሆነ እንጃ።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ጆሮ ግን አለኝ። ጉንዳን ደግሞ ስታስብ አፏ አብሮ ይሠራል፤ ድምፅ ካላወጣች ሐሳብ አይመጣላትም። ስለዚህ የሷን ሥራ ከመሥሪያ ቤቷ ሰዎች እኩል አውቀዋለሁ፣ ከአንዳንዶቹማ ሳልበልጥ አልቀርም።

የምትሠራው ጨርቅ የሚያቀልም ፋብሪካ ውስጥ ነው። አሥራ ሁለት ማሽን አላቸው፣ እያንዳንዷ ክዳን እንዳለው ትልቅ በርሜል ናት። ማሽኖቹ የሚታዘዙት በጽሑፍ ነው፤ ውሃ ሙዪ፣ አሙቂ፣ ጨው ጨምሪ፣ አሽከርክሪ፣ አፍስሺ ተብሎ በተራ በተራ ይጻፍላቸዋል። ይሄን ስክሪፕት ይሉታል። የሚጻፍበትን ቋንቋ ድሮ አንድ መሐንዲስ ለፋብሪካው ብቻ ብሎ ፈጠረው፣ ከዛ ጥሎት ሄደ። ቋንቋው ድሃ ነው። የሚያውቀው ሳጥን ብቻ ነው፤ ሳጥን ታበጂለታለሽ፣ ስም ትለጥፊበታለሽ፣ የፈለግሽውን ትከቺበታለሽ፣ በቃ። ዝምድና የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ስለዚህ ለአሥራ ሁለቱ ማሽን አንድ ዓይነት ጽሑፍ አሥራ ሁለት ጊዜ ተገልብጦ ተቀምጧል። አንዲት ነገር ስትቀየር አሥራ ሁለት ቦታ መቀየር ነው። ጉንዳን አንዴ አሥራ አንድ ቦታ ቀይራ አንዷን ረሳች፣ ሙሉ ቀን የተሠራ ቀይ ጨርቅ ዥጉርጉር ሆኖ ወጣ። ያን ቀን ስትመጣ ጫማዋን ሳታወልቅ ነው መንጎራደድ የጀመረችው።

"ክላስ ያስፈልገዋል" አለች።

"ምንድነው እሱ?" አልኳት።

እየሄደች አስረዳችኝ። አንዲት እናት ትጻፋለች። እውነተኛ ማሽን አይደለችም፣ ጨርቅ ነክራ አታውቅም፤ ግን ማሽን ሁሉ ማወቅ ያለበትን ታውቃለች። አሥራ ሁለቱ የሷ ልጆች ይሆናሉ። አንዷ ልጅ አሙቂ ስትባል መጀመሪያ የራሷ ሳጥን ውስጥ ትፈልጋለች፣ ካጣች እናቷን ትጠይቃለች። የራሷ አመል ካላት የራሷን ታረጋለች። ወይ ደግሞ፣ እናቴ እንደምታረገው አርጌ ከዛ የኔን ልጨምር ትላለች።

"ታዲያ ምኑ አዲስ ነው ይሄ?"

"እማማ፣ ቋንቋው አያውቀውማ። እኔ ነኝ ከሳጥን የምሠራው።"

"እናትነትን ከሳጥን?"

"አዎ።"

"ወልደሽ ብታሳዪው አይቀልም?"

በሩ ጋ ደርሳ ተመለሰች።

ነገሩን ያስቸኮለው አንድ ሰው ነው። ጋሼ ቀለም ይሉታል፣ የማቅለሙ ኃላፊ ነው፣ አርባ ዓመት እዛው ሠርቷል። አሥራ ሁለቱ ማሽኖች በተለያየ ጊዜ ከተለያየ ቦታ የተገዙ ናቸው፤ የእያንዳንዷን አመል የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። የትኛዋ ሙቀት እንደምትዋሽ፣ የትኛዋ ውሃ ቶሎ እንደማትለቅ። ከሱ ጭንቅላት በቀር የትም አልተጻፈም። ባለፈው ዓመት አሥር ቀን ቢታመም የተበላሸው ጨርቅ መጋዘን ሞላ። እሱ ደግሞ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ጡረታ ሊወጣ ነው። ሥራ አስኪያጁ ጉንዳንን ጠርቶ፣ ሰውየው ሳይወጣ የሚያውቀው አመል ሁሉ ማሽኖቹ ውስጥ ይግባ አላት። እሷም በሦስተኛው ሳምንት ዓርብ አሥራ ሁለቱም ያለ ጋሼ እጅ ጥቁር ሰማያዊ ያወጣሉ ብላ ቃል ገባች። ጥቁር ሰማያዊ ከቀለም ሁሉ አስቸጋሪው ነው አሉ። እስከዛ ዓርብ ያልገባ ነገር ከሰውየው ጋር በበር ይወጣል፣ ተመልሶ አይገኝም።

እኔ ደግሞ ማንም ያልነገረኝን አንድ ነገር አውቅ ነበር። ጉንዳን መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃውን ከፍታ በስልክ ስታወራ፣ ፎጣ ላቀብላት ሄጄ ነው የሰማሁት። "ከዛ ዓርብ በኋላ ሰኞ መጀመር እችላለሁ" ትላለች። ስድስተኛ መሥሪያ ቤት። ፎጣውን ይዤ ተመለስኩ።

በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ቻርጀሯን ረስታ ሄደች። ላድርስላት ብዬ ተነሳሁ። ለቻርጀሩ አዝኜ ነው ብል እዋሻለሁ፤ ያን ሰውዬ ማየት ፈልጌ ነው። በሩ ላይ ጥበቃው አስቆመኝ።

"ማንን ፈልገው ነው እማማ?"

"የልጅ ልጄን።"

"መታወቂያ?"

"የሷን ፊት ታውቀዋለህ?"

"አውቀዋለሁ።"

"ይሄ እሱው ነው፣ ትንሽ ቆይቶ።"

ሳቀና አስገባኝ። ውስጡ ሞቃት ነው፣ ወለሉ እርጥብ፣ ከክዳኖቹ ሥር እንፋሎት ይወጣል። ጉንዳን አዲሱን ነገሯን በአራት ማሽን ሞክራ ከእያንዳንዷ መሐረብ የሚያህል ቁራጭ ቆርጣ ይዛለች። አራቱም ተበላሽተዋል። አንዱ ከአንዱ አይለይም፣ ሁሉም አንድ ዓይነት የሞተ ሰማያዊ። ጋሼ ቀለም መስኮቱ ሥር ቆሟል። ቀለም የሚያየው በዛ መስኮት ብርሃን ብቻ ነው፣ መብራት ይዋሻል ይላል። ቀጭን ሰው ነው፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጥፍሮቹ ሰማያዊ።

"የእያንዳንዷን አመል ለብቻዋ ነው የጻፍኩት" ትላለች ጉንዳን። "ለአራተኛዋ ማሽን የአራትን፣ ለሰባት የሰባትን። ሦስቴ አየሁት።"

የአራተኛዋን ማሽን ቁራጭ ተቀበላት። በአውራ ጣቱ አሸው፣ አሸተተው፣ ወደ ብርሃኑ አነሳው።

"ይሄ የአራት ጨርቅ አይደለም" አላት።

"የአራት ነው ጋሼ፣ ራሴ ነኝ ያወጣሁት።"

"አራት ሙቀት መለኪያዋ ስለሚዋሽ ጨመር አርገሽ ታሞቂያታለሽ፤ እሱ አለ፣ ይታየኛል። ግን ይሄ ጨርቅ ጨው ሦስት ጊዜ ተከፍሎ ነው የበላው። ሦስት ጊዜ የሚከፈልላት ሰባት ናት። ደግሞ አንድ ትርፍ እጥበት ታጥቧል፤ ትርፍ እጥበት የሁለት ነው።" የሰባትን ቁራጭ አነሳ። "ይቺም ሞቃለች። ማን ሙቂ አላት? ልጄ፣ የአንዷ በሽታ ሁሉንም ይዟቸዋል።"

ጉንዳን ቀጥ አለች። እግሯ ቆሞ ያየሁት ያኔ ነው።

"እናትየው ጋ ነው" አለች ቀስ ብላ።

ኋላ እንዳስረዳችኝ እንዲህ ነው። የአመል መዝገብ የሚባል ሳጥን ሠርታ እናትየው ጋ አስቀምጣዋለች፣ ልጆቹ ሁሉ ይኑራቸው ብላ። አራት አመልሽን መዝግቢ ስትባል የራሷን መዝገብ ፈለገች፣ የላትም፣ እናቷ ጋ ሄደች፣ እዛ አገኘች፣ እዛው ጻፈች። ሰባትም እንዲሁ፣ ሁለትም እንዲሁ። የሁሉም አመል አንድ ቦታ ተከማቸ፣ ሁሉም ከዛው ያነባሉ። ለአሥራ ሁለት ሰው አንድ የጥርስ ብሩሽ ማለት ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነበር አለች፤ ልጅ ስትወለድ የራሷን ባዶ መዝገብ ይዛ እንድትወለድ ማረግ።

እሷ ወደ ኮምፒውተሯ ስትሮጥ እኔና ጋሼ ቀለም መስኮቱ ሥር ቀረን።

"ጎበዝ ልጅ ናት እትዬ" አለኝ። "እኔ ስወጣ እሷ ካለች አያሳስበኝም።"

ዝም ማለት ነበረብኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ሲባል እየሰማሁ አርጅቻለሁ፣ ግን ሰው ሳያውቅ ሲደሰት ማየት አልችልም፣ ያሳክከኛል።

"የት ልትኖር" አልኩት። "አንተ ዓርብ ትወጣለህ፣ እሷ ሰኞ ሌላ ቦታ ትጀምራለች እኮ።"

በእጁ የነበረውን ቁራጭ ጨርቅ አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ከዛ በኋላ ሥራው ሮጠ። ጋሼ ይናገራል፣ ጉንዳን ትጽፋለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ እስከ ስምንት ደረሱ፤ አሥር፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለትም ገቡ። ዘጠኝ ብቻ እንቢ አለች። ከሷ የሚወጣው ሰማያዊ ሁልጊዜ ደመና ደመና አለው።

"ዘጠኝ አመል የላትም" ይላል ጋሼ። "ጤነኛ ናት።"

እሱ ራሱ ሲያዛት ግን ጨርቁ ጥርት ብሎ ይወጣል። ጉንዳን ጥፋቱን ከራሷ ፈለገች። የሠራችውን ዝምድና ፈታ እንደገና ቀጠለችው። ከእናትየው በላይ አያት ጨመረች፣ አያትየዋን አነሳች። ዘጠኝን ያለ እናት ለብቻዋ ጻፈቻት። ያው ደመና ነው። ምግብ ሳቀርብላት ሳህኑን ይዛ ትዞራለች፣ አንዴ ማንኪያውን መስኮቱ ላይ፣ አንዴ መደርደሪያው ላይ ትረሳለች። እኔም ከኋላዋ እየዞርኩ ማንኪያ እለቅማለሁ።

በመጨረሻው ሳምንት ረቡዕ በሩ መሐል ቆመች።

"እማማ፣ ስህተቱ የኔ አይደለም። ሰውየው ደብቆኛል።"

"ለምን ይደብቅሻል?"

"እሱን ነው ያጣሁት።"

እኔ አላጣሁትም። ያልተጠየቅኩትን አልናገርም ብዬ የወሰንኩት የዛን ቀን ነው።

ሐሙስ ከሰዓት ቤቱ ሄደች። እኔም ብቻዋን አልለቃትም ብዬ ተከተልኳት። አንድ ክፍል ነው ያለው፣ ንጹሕ፣ ሸሚዞቹ በተራ ተሰቅለዋል። ሚስቱ ካረፈች ቆይታለች፣ ያለው ልጅ ሩቅ ነው። አንዱን ወንበር ለኔ ሰጠኝ፣ አንዱን ለጉንዳን፣ እሷ አልተቀመጠችም።

"ጋሼ፣ ዘጠኝ አመል አላት" አለችው።

"አላት።"

"ንገሩኛ።"

"አልነግርሽም።"

"ለምን? ነገ ዓርብ ነው። ሥራ አስኪያጁ ፊት ቃል ገብቻለሁ።"

"ሰኞ የት ነሽ?" አላት።

ጉንዳን እሱን አላየችውም። ዞራ እኔን አየችኝ። እኔ የተሰቀሉትን ሸሚዞች መቁጠር ጀመርኩ። ስምንት ነበሩ።

"ሥራ መቀየር ወንጀል ነው እንዴ ጋሼ?"

"አይደለም። ሂጂ፣ ይቅናሽ። ግን አንድ ነገር መልሺልኝ። ልጅ ያላወቀችውን እናቷን ትጠይቃለች ብለሽኛል። እናትየው ካላወቀችስ?"

"ስህተት ይልና ይቆማል።"

"የአርባ ዓመቴን ሳጥን ውስጥ ከተሽ፣ እኔ በአንድ በር አንቺ በአንድ በር ስንወጣ፣ ሳጥኑ የማያውቀው ነገር የመጣ ቀን ማንን ይጠይቃል? አሥራ ሦስተኛ ማሽን ቢገዙስ? አሥራ አንዱን ሰጥቼሻለሁ፣ አልሰሰትኩም። ዘጠኝን ለሚቆይ ሰው ነው የምነግረው።"

"እና ነገ?"

"ነገ ትቁማ እንግዲህ።"

ስንመለስ መንገዱን በሩጫ ነው የሄደችው፣ ጉልበቴን ይዤ ከኋላ እጎተታለሁ።

"አንቺ ነሽ የነገርሽው።"

"እኔ ነኝ።"

"ለምን?"

"ጠየቀኝ።"

"አልጠየቀሽም እማማ።"

"ሊጠይቀኝ ነበር።"

እኔን መሳደብ አትችልም፣ ስለዚህ መንገድ ላይ የተቀመጠ ባልዲ ረገጠች። ቤት ስንደርስ ኮምፒውተሯን ከፈተች። ብዙ ትጽፋለች ብዬ ጠበቅኩ። ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ ስልኳን ታነሳለች፣ ታስቀምጣለች፣ ደግሞ ትሄዳለች። በመጨረሻ ሦስት መስመር ብቻ ጻፈችና ዘጋችው። ምን ጻፍሽ ብላት ልብሷን ለመተኮስ ሄደች።

ዓርብ አልተጠራሁም። ያልተጠራሁበት ቦታ መሄድ ግን ልማዴ ነው፣ ጥበቃውም ሳይጠይቀኝ ከፈተልኝ። ሥራ አስኪያጁ መጥቷል፣ መነጽሩ በእንፋሎት ደብዝዞበት በየደቂቃው ይጠርገዋል። ሠራተኞቹ ቆመዋል። ጋሼ ቀለም እጁን ወደ ኋላ አርጎ መስኮቱ ሥር ነው፣ የመጨረሻ ቀኑ ነው። ከአንድ እስከ ስምንት ያሉት ቁራጮች መስኮቱ ላይ ተደረደሩ፣ ከዛ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት። አሥራ አንድ ሰማያዊ፣ እንደ መንታ። ሰዉ አጨበጨበ።

ዘጠኝ ተራዋ ደረሰ። ውሃ ሞላች፣ ሞቀች፣ ጨው ጨመረች። ቀለም መግቢያው ላይ ስትደርስ ጸጥ አለች። አንድ ቀይ መብራት በራ። ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን ጠርጎ ስክሪኑ ላይ የወጣውን ጮክ ብሎ አነበበ።

"እኔ አላውቅም፣ እናቴም አታውቅም፣ ጋሼ ቀለምን አስጠሩልኝ።" ከሥሩ ስልክ ቁጥር አለ። "ምንድነው ይሄ? ቀልድ ነው?"

"አይደለም" አለች ጉንዳን። "ዘጠኝን አልጨረስኳትም። የማታውቀውን የምታውቅ መስላ ጨርቅ ከምታበላሽ ቆማ ትጠይቅ ብዬ ነው።"

"ዛሬ ያልቃል ብለሽኝ ነበር።"

"ብዬ ነበር።"

"መቼ ነው የሚያልቀው ታዲያ?"

"ጋሼ ሲነግሩኝ።"

ሥራ አስኪያጁ ወደ ሽማግሌው ዞረ። "ጋሼ፣ ለምን አይነግሯትም?"

"ሰኞ ሥራ ከገባች፣ ከዛም ከቆየች፣ አንድ ቀን እነግራታለሁ።"

"ሰኞ ለምን አትገባም? የሥራ ቀን አይደለም እንዴ?"

እሱ ምንም አያውቅም ምስኪን። የምናውቀው ሦስታችን ነን፣ ሁለታችን ጉንዳንን እናያለን። እሷ አንድ እግሯን አነሳች፣ መለሰች። እኔ በሕይወቴ እንደዛ ደቂቃ የረዘመብኝ የለም፤ አፌን በነጠላዬ ጫፍ ይዤዋለሁ፣ አንድ ቃል ካመለጠኝ ትሄዳለች ብዬ።

"እገባለሁ" አለች።

ጋሼ ቀለም ወደ ዘጠኝ ሄደ። ጀርባውን ለሁላችን ሰጥቶ፣ ትከሻውን አስፍቶ፣ የሆነ ነገር አረጋት። ጨርቁ ጥርት ብሎ ወጣ።

ቅዳሜ ለሌላው መሥሪያ ቤት ደውላ ይቅርታ ጠየቀች። ውሃ ሳትከፍት ነው ያወራችው፣ ልስማ ብላ ይሁን ንቃኝ አላውቅም። ሰኞ ገባች። ከዛ ወዲህ ዘጠኝ ጥቁር ሰማያዊ በመጣ ቁጥር ትቆማለች፣ ስልክ ይደወላል፣ ጋሼ የተተኮሰ ሸሚዙን ለብሶ ይመጣል። ጉንዳንን እንዳታየው ዙሪ ይላታል፣ ትዞራለች፤ ሥራውን ሠርቶ ከሠራተኞቹ ጋር ሻይ ጠጥቶ ይሄዳል። በመሐል አሥራ ሦስተኛ ማሽን ተገዛች። ጉንዳን ከእናትየው ወለደቻት፣ አመሏን ደግሞ ሁለቱ መስኮቱ ሥር ቆመው፣ እየተከራከሩ፣ ቁራጭ በቁራጭ አወጡት። አሁን እሷም ጨርቅ ታሸታለች። ቤት ውስጥ የኔን አንሶላ ሳይቀር ወደ መስኮት አንስታ ታየዋለች። መንጎራደዱ ግን ያው ነው፣ ምንጣፉን አገላብጬዋለሁ።

ዓመት ሊሞላው ሲል አንድ ቀን ከሥራ መጥታ እጇን እየታጠበች "ዘጠኝን አወቅኳት" አለችኝ።

"ነገረሽ?"

"አልነገረኝም። ከጨርቁ ነው ያነበብኩት። ሦስት ወር ፈጀብኝ። ብቻዬን ሞክሬያት ጥርት ብሎ ወጣ።"

"ታዲያ ጻፊያታ።"

"ጽፌያታለሁ። ሌላ ሳጥን ውስጥ ናት፣ ከዘጠኝ ጋር አላገናኘኋትም። ሰውየው ቢታመም፣ ወይ አንድ ነገር ቢሆን፣ አንድ መስመር ነው የሚቀረው።"

"እስከዛስ?"

"እስከዛ ትደውል።" እጇን አራገፈች። "እማማ፣ ይሄን ለሰው ብትነግሪ አብረን አንኖርም።"

አሁን በየሳምንቱ እሑድ ጋሼ ቀለም እኛ ቤት ይመጣል። ትናንትም መጥቶ ነበር። ሻዩን ያዘና ጀመረ፤ ዘጠኝ እንዲህ ናት፣ ዘጠኝ እንዲያ ናት፣ ስንት የተማረ ሰው ሞክሯት አቃተው፣ እኔ አንድ ነገር ብሆን ዘጠኝን ለብረት ነው የሚሸጧት ይላል። ጉንዳን ከመስኮት ወደ በር ትሄዳለች።

"ያለኔ እኮ አትነቃነቅም" አላት።

"አትነቃነቅም ጋሼ" አለችው፣ ሳትቆም።

ወደኔ ዞረ። "እትዬ፣ ዛሬ ምነው ዝም አሉ?"

ምላሴ ጥርሴን እየገፋ ነበር። ብድግ ብዬ ማንቆርቆሪያው ላይ ውሃ ልጨምር ሄድኩ። ሙሉ ነበር፣ ደፍቼ እንደገና ሞላሁት።